ዜማ መድረስ ከየት ይጀመር? ማንጎራጎር፣ ኪቦርድ፣ ኮርድ፣ ግጥም ወይስ ኮምፒውተር

ዜማ መድረስ ልማር የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሁሌ አንድ ነው፣ "ኖታ ሳልማር ይቻላል ወይ?" ይቻላል። ግን ጥያቄው ራሱ ትንሽ ሳተ ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ኖታ መጻፊያ ነው እንጂ ማሰቢያ አይደለም፣ ፊደል ሳይቆጥር ተረት የሚያወራ ሰው እንዳለ ሁሉ ኖታ ሳያውቅ ዜማ የሚያወጣም ሞልቷል። ከዛ ይልቅ ዜማውን ምን ይዤ ልፈልገው ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በአፌ? በጣቴ? ከኮርድ (አንድ ላይ ከሚመቱ ኖታዎች) ተነስቼ? ግጥም ይዤ? ወይስ ስክሪን ላይ?

ሁሉንም ሞክሬያቸዋለሁ፣ አንዳንዱን እንደውም ስላልከበደኝ ብቻ ከሚገባው በላይ ይዤው ቆይቻለሁ። እና ምን ገባኝ መሰላችሁ፣ እያንዳንዱ መንገድ የራሱ ስንፍና አለው። አፍ የሰማውን ይደግማል፣ ጣት የለመደበት ይሄዳል፣ ኮርድ ዜማውን አንድ ቦታ ያስቀምጠዋል፣ ግጥም ወደ ንግግር ይጎትታል፣ ኮምፒውተር ደሞ ኮፒ ፔስት ያስለምዳል። ስለዚህ ስትመርጡ የቱ ይቀላል ብቻ ሳይሆን የቱን ስንፍና ነው እኔ ማረም የምችለው ብላችሁ አስቡበት።

በአፍ

ስልኩን ሪከርድ ላይ አድርጎ ማንጎራጎር፣ ከሁሉም ቅርቡ ይሄ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ዜማው ከሰው ጉሮሮ ስለወጣ ሌላ ሰውም ሊዘፍነው መቻሉ ነው፣ ትንፋሽ ሲያልቅባችሁ ዜማው ራሱ ያርፋል፣ ሩቅ መዝለል ሲከብዳችሁ አትዘሉም፣ ማለትም ሀረግ መቁረጥና እረፍት መስጠትን ማንም ሳያስተምራችሁ ትሰሩታላችሁ። ጀማሪ ዜማ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ደሞ እሱ እረፍት የሚባለው ነገር ነው፣ መሳሪያ ላይ ብቻ የተሰራ ዜማ አንዳንዴ ስትሰሙት እናንተን ራሱ አየር ያጥራችኋል፣ ዘፋኙ የት ይተንፍስ ብሎ ያሰበ የለማ።

ችግሩ አፍ ሌባ ነው። አንድ ሰሞን ስልኬን በቁርጥራጭ ዜማ ሞልቼ ደስ ብሎኝ ነበር፣ በኋላ ቁጭ ብዬ በተርታ ስሰማቸው ግማሾቹ አንድ አይነት ናቸው፣ ሁሉም ከሶል ተነስተው ተንሸራተው ዶ ላይ ነው የሚያርፉት፣ አንዱማ ጭራሽ ልጅ ሆኜ የምሰማው ዘፈን ሆኖ ተገኘ፣ እኔ ዘግየት አድርጌ ስለዘፈንኩት ብቻ ነው ያልታወቀኝ። "መጣልኝ" ስትሉ ከየት ነው የመጣው ብላችሁ ጠይቁ። እኔ አሁን የምጠቀማት ዘዴ አለች፣ ዜማውን የኔ ነው ሳልል ለሆነ ሰው አንጎራጉርለትና "ይሄ ዘፈን የማን ነበር?" እለዋለሁ፣ ቶሎ ስም ከጠራልኝ አለቀላት።

ሌላው መንሸራተት ነው። ያለ መሳሪያ ስታንጎራጉሩ ድምጻችሁ ቀስ እያለ ይወርዳል ወይ ይወጣል፣ በኋላ ኪቦርድ ላይ ልፈልገው ስትሉ በሁለት ቁልፍ መሀል ይወድቃል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ሪከርድ ስትጀምሩ በሆነ የፒያኖ አፕ አንድ ኖታ ምቱና ከሱ ተነሱ፣ ጉልበታችሁን ወይ ጠረጴዛውን እየመታችሁ ደሞ ዝፈኑ፣ አለበለዚያ ከሳምንት በኋላ ምቱ የት እንደሚጀምር እናንተም አታውቁትም። "ላላላ" ከምትሉ ደሞ "ታታታ" ወይ "ዳዳዳ" በሉ፣ ላ ትንሸራተታለች፣ ታ ግን እያንዳንዱ ኖታ የት እንደተነሳ ታሳያለች።

በጣት

ኪቦርድና ጊታርን አንድ ላይ "መሳሪያ" ብለን እንጠራቸዋለን እንጂ ለዜማ ሲሆን በጣም ይለያያሉ። ኪቦርድ ላይ አንድ ኖታ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ 12 ቁልፍ ሄዳችሁ እንደገና ከአንድ ትጀምራላችሁ፣ ወደ ቀኝ ይቀጥናል ወደ ግራ ይወፍራል፣ በቃ። ዜማው በአይን ይታያል፣ እርምጃውም ዝላዩም። ጊታር ላይ ግን አንደኛውን፣ ከሁሉም ቀጭኑን ክር ሳትይዙ ስትመቱት የሚወጣው ሚ ከሱ ቀጥሎ ባለው ክር አምስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው ክፍፍል) ላይም አለ፣ ቀጥሎ ባለው ደሞ ዘጠነኛው ላይ፣ ከዛ አስራ አራተኛው ላይ፣ ለጀማሪ ዜማ ፈላጊ ይሄ ግራ ያጋባል። ጊታር ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ኮርድ ይዞ መዝፈን ያስችላል፣ ግን ዜማ ራሱን ለመማር ከሆነ እኔ ኪቦርድ ነው የምመክረው፣ ትልቅም አያስፈልግም፣ ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፣ ለዜማ ግን ባለ 25 ቁልፏ ትንሿ ትበቃለች፣ ሁለት ኦክታቭ ማለት ነች (አንድ ኦክታቭ ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ነው)፣ ያልሰለጠነ ድምጽ ደሞ ምቾት ኖሮት የሚዘፍነው አንድ ኦክታቭ ወይ ትንሽ ከዛ በላይ ነው።

የጣት ስንፍናን ግን እወቁት። ጣት የለመደውን መንገድ ይወዳል፣ ነጭ ነጩን ብቻ ከዶ እስከ ሶል አምስት ጣት የገጠመበት ላይ ይቀመጥና እዛው ይመላለሳል፣ እናንተ ደሞ "ሳስበው ነው" ትላላችሁ፣ አይደለም ጣቱ ነው እያሰበ ያለው። ይሄን ለመስበር አንድ ነገር ያግዛል፣ መጀመሪያ በአፍ ዝፈኑና ከዛ በአንድ ጣት ብቻ ፈልጉት። በአንድ ጣት። ሲያዘግማችሁ ያናድዳል ግን ጆሮ የሚሰለጥነው እሷ ፍለጋ ላይ ነው።

ኮርድ ቀድሞ ወይስ ዜማ ቀድሞ

እዚህ ላይ ሰው ሁለት ጎራ ነው። ኮርድ የሚያስቀድመው አራት ኮርድ ያዞራል፣ ሲ ሜጀር (በእንግሊዝኛው C፣ ከዶ የሚነሳው)፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ ጂ እንበል፣ እና እላዩ ላይ ያንጎራጉራል። ወዲያው ሙዚቃ ሙዚቃ ይሸታል፣ ለሞራል በጣም ጥሩ ነው፣ የትኛው ኖታ ላይ ማረፍ እንዳለባችሁም ኮርዱ ይነግራችኋል፣ ሲ ሜጀር ሲመታ ዶ ሚ ወይ ሶል ላይ ካረፋችሁ ቤታችሁ ናችሁ፣ ሬ ወይ ላ ላይ ከቆማችሁ ደሞ ወደሆነ ቦታ መሄድ ያሰኛል።

ጉዳቱስ? ኮርዱ ብቻውን ስለሚያምር ዜማው ስራ ይፈታል። ሁለት ኖታ ላይ ተቀምጦ ከስሩ ኮርዱ ሲቀያየር የተንቀሳቀሰ ይመስላል፣ ኮርዱን አጥፉትና ዜማውን ብቻውን ዝፈኑት እስኪ፣ ምንም የለም። ይሄን ፈተና የማያልፍ ዜማ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፣ ሆን ብለው እንደዛ የሚሰሩም አሉ፣ ዜማ መድረስ እየተማረ ላለ ሰው ግን ራስን ማታለያ ነው።

ዜማ ያስቀደመ ሰው ኮርዱን በኋላ ይፈልጋል፣ ይሄ ይከብዳል፣ ግን በጣም ነጻ ያደርጋል ምክንያቱም አንድ ኖታ ብዙ ኮርድ ላይ ይኖራል፣ ሚን ውሰዱ፣ ሲ ሜጀር ውስጥ አለች፣ ኤ ማይነር ውስጥ አለች፣ ኢ ማይነር ውስጥም አለች፣ ያቺኑ ዜማ ሳትነኩ ከስሯ ኮርዱን ስትቀይሩ አንዴ ደስተኛ አንዴ ሆደ ባሻ ትሆናለች። እኔ ለጀማሪ ዜማውን ቀድሞ ነው የምለው፣ ኮርድ የማይችል ሰውማ ምርጫም የለውም፣ ኮርድ የሚችል ጊታሪስት ግን ለአንድ ወር ጊታሩን ከጀርባው ቢያስቀምጠው ይጠቀማል።

ምቱስ

ብዙ ሰው እንደ አማራጭ አይቆጥረውም፣ እኔ ግን በጣም ከምወዳቸው መነሻዎች አንዱ ነው፣ ኖታ ሳታስቡ በጭብጨባ ብቻ ምት መስራትና ከዛ ኖታ ማልበስ። ቤትሆቨን በ1808 መድረክ ላይ ያወጣው አምስተኛ ሲምፎኒ መነሻ ምንድነው? ሶስት አጭር አንድ ረጅም። ኖታው ሁለት ብቻ ነው፣ ሶስቴ አንዱን ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሰው የሚያስታውሰው ግን ምቱን ነው፣ በጠረጴዛ ብቻ ብትመቱት ራሱ ይታወቃል። የእናንተን ዜማ እንደዛ በጠረጴዛ ምቱት፣ ሁሉም ኖታ እኩል ርዝመት ካለው የግድግዳ ሰዓት ነው የሰራችሁት። ጀማሪ ዜማው ሲደብረው ኖታ ይቀያይራል፣ ብዙ ጊዜ መቀየር ያለበት ግን ርዝመቱ ነው።

ግጥም ይዞ መነሳት

ግጥም ያለው ሰው እድለኛ ነው፣ ሀረጉ የት እንደሚያልቅ ስንኙ ይነግረዋል፣ ቤት የሚመታበት ቦታ ላይ ዜማውም ቤት ይመታል። ባዶ ወረቀት የሚያስፈራችሁ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ።

ግን አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው። አንደኛ የሚጠብቅና የሚላላው ነገር። "አለ" ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ደሞ ይገኛል ነው፣ "ዋና" ሲላላ ውሃ ውስጥ ነው ሲጠብቅ ደሞ ትልቁ ጉዳይ። ዜማው አ ላይ ጎትቶ ለን በአጭሩ ካለፋት ሰሚው የፈለጋችሁትን ሳይሆን ሌላውን ይሰማል። ስለዚህ ስንኙን መጀመሪያ ጮክ ብላችሁ እንደ ንግግር አንብቡት፣ የሚጠብቀው ፊደል ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከዛ ዜማው እዛ ላይ ቦታ ይስጠው።

ሁለተኛው ሳድስ ነው። ረጅም ኖታ ሳድስ ላይ ማስቀመጥ መከራ ነው፣ "ልብ" በሚል ቃል የሚያልቅ ስንኝ ይዛችሁ መጨረሻው ላይ አራት ምት ጎትቱ ብትባሉ ምኑን ትጎትቱታላችሁ፣ ብ ከንፈር ዘግታ ቁጭ ትላለች። "ልቤ" ቢሆን ወይ "ልባችን ነበረ" ቢሆን አፍ ተከፍቶ ይቀራል። ይሄን ያወቀ ሰው ግጥሙን ሲጽፍም የስንኙን መጨረሻ ክፍት ያደርገዋል፣ ዜማውን ያስቀደመ ሰው ደሞ ቃል ሲያለብስ ረጅሟን ኖታ አይቶ ነው ቃል የሚመርጥላት።

የግጥም ስንፍና የቱ ነው ካላችሁ፣ ዜማው የንግግርን ምት ተከትሎ ጠፍጣፋ መሆኑ፣ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ኖታ፣ ሁሉም አንድ ከፍታ ላይ፣ የተነበበ እንጂ የተዘፈነ አይመስልም። አንዱን ፊደል ብቻ መርጣችሁ ሁለት ሶስት ኖታ ብትሰጡት ይነቃል።

ኮምፒውተር ወይስ የኖታ ወረቀት

ሁለቱም መጻፊያ ናቸው፣ ቶሎ ልለፋቸው። ኮምፒውተር ላይ ፒያኖ ሮል የሚባለው አለ፣ ከፍታው ወደ ላይ ጊዜው ወደ ጎን፣ እያንዳንዱ ኖታ ሳጥን ነው፣ ማንም በአስር ደቂቃ ይገባዋል። ከጀርባው ያለው ሚዲ የሚባለው ከ1983 ጀምሮ ያለ ስታንዳርድ ነው፣ ኖታዎቹን ከ0 እስከ 127 ቁጥር ይሰጣቸዋል፣ መሀለኛዋ ዶ 60 ነች። ወዲያው ስለሚያሰማችሁ መዝፈን ለሚያፍርም መሳሪያ ለማይችልም ጥሩ ነው። ግን ሰውነት የለበትም፣ ማውስ አይተነፍስም፣ አስር ኖታ ያህል ዘሎ መውጣት ለማውስ አንድ ጉተታ ነው ለዘፋኝ ግን የደም ስር ነው። አራት ባር (ባር ማለት ምቱ ተቆጥሮ የሚከፈልበት ክፍል ነው) ሰርቶ ስምንቴ ኮፒ ማድረግም እዛ ነው የሚለመደው።

የኖታ ወረቀት ለመልመድ ወራት ይፈጃል። ዶ ሬ ሚ የምንላቸው ስሞች አብዛኞቹ የመጡት በ11ኛው ክፍለ ዘመን ጊዶ ከሚባል የአሬዞ መነኩሴ ነው፣ ከአንድ የላቲን መዝሙር ስንኞች የመነሻ ቃላቸውን የመጀመሪያ ክፍል ወስዶ ነው ያወጣቸው፣ የሱ አላማ ደሞ ዘማሪዎች ሰምተውት የማያውቁትን ዜማ ከጽሁፍ እንዲያወጡ ማስቻል ነበር። አሁንም ጥቅሙ እሱ ነው፣ ለሌላ ሙዚቀኛ የምትሰጡት ከሆነ ወይ የሌሎችን ዜማ አንብባችሁ መመርመር ከፈለጋችሁ ተማሩት። ሙዝስኮር የሚባለው ሶፍትዌር በነጻ ነው፣ የጻፋችሁትን መልሶ ያጫውታል፣ በሱ እየጻፉ መማር ይቻላል። ለመጀመሪያዎቹ ዜማዎች ግን "ዶ ሬ ሚ ሚ ፣ ሶል" ብሎ በፊደል ደብተር ላይ መጻፍና ሪከርዱን መያዝ ይበቃል።

አምስት ኖታ ወይስ ሰባት

ይሄኛውን ምርጫ ማንም አያመልጠውም። ሜጀር ስኬል (የኖታዎቹ መሰላል) ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ ነው፣ ይቺ ሲ ከላይ ያልናት የኮርዷ C አይደለችም፣ ሚና ፋ መሀል፣ ሲና ዶ መሀል ግማሽ ድምጽ (ኪቦርድ ላይ መሀላቸው ሌላ ቁልፍ የሌለበት) ብቻ ነው ያለው፣ የሚጎትተው ነገር ያለው እነሱ ላይ ነው፣ ፋ ወደ ሚ መውረድ ትፈልጋለች፣ ሲ ወደ ዶ መውጣት ትፈልጋለች። ሁለቱን ብታወጧቸው ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ይቀራሉ፣ ትዝታ ሜጀር ብለን የምናውቀው። እነዚህ አምስቱ ላይ የትኛውም ኖታ ከየትኛው ጋር ቢገናኝ አይጋጭም፣ ለዛ ነው ለጀማሪ ምርጥ የሆነው፣ አይናችሁን ጨፍናችሁ ብትመቱት እንኳን ዜማ ይመስላል።

ግን እንደዛ ስለሆነ የመጓጓት ስሜቱ ይቀንሳል፣ ዜማው ይንሳፈፋል፣ ያንን በምትና በእረፍት መተካት አለባችሁ። ባለ አምስት ኖታ ቅኝት ሁሉ ደሞ እንደዚህ ለስላሳ እንዳይመስላችሁ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ገና ከመነሻው ኖታ ቀጥሎ ግማሽ ድምጽ አላቸው፣ ጠንካራ ቀለም አላቸው፣ እና ያቺን ሁለተኛ ኖታ የት እንደምታውሏት ካላወቃችሁ ታስቸግራለች። የኔ ምክር በትዝታ ሜጀር አምስት ስድስት ዜማ ሰርታችሁ ከዛ ፋንና ሲን አንድ በአንድ አስገቡ፣ መጀመሪያ እንደ መሸጋገሪያ ብቻ፣ ፋ ላይ ሳታርፉ አልፋችሁ ሂዱ።

ቲዎሪ መማር ወይስ መኮረጅ

ቲዎሪ ስም ይሰጣል፣ ኮርስ ስርዓት ይሰጣል፣ አስተማሪ ደሞ ጆሮ ይሰጣችኋል፣ የማትሰሙትን ስህተት የሚሰማላችሁ እሱ ነው፣ ካገኛችሁ ይዛችሁት ተቀመጡ። ከሁሉም ግን በጣም ያስተማረኝ መኮረጅ ነው፣ ዜማ አንስቶ በጆሮ ኖታ በኖታ አውጥቶ ምን እንደሰራ ማየት።

ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ቤትሆቨን በ1824 የቀረበው ዘጠነኛ ሲምፎኒው መጨረሻ ክፍል ላይ ያለችው የደስታ ዜማ። መጀመሪያው ሀረግ ይሄ ነው፣ ሚ ሚ ፋ ሶል፣ ሶል ፋ ሚ ሬ፣ ዶ ዶ ሬ ሚ፣ ሚ ሬ ሬ። አስራ አምስት ኖታ፣ አንድም ዝላይ የለም፣ ወይ ይደግማል ወይ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። መጨረሻው ሬ ላይ ስለሆነ በሩን ክፍት ትቶ ይሄዳል፣ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ሀረግ ያንኑ ቃል በቃል ይደግምና መጨረሻውን ብቻ ሬ ዶ ዶ ያደርገዋል፣ መልስ ነው፣ ቤት ገባ። ሶስተኛው ላይ ነው ትልቁ ዝላይ የሚመጣው፣ መጨረሻው ላይ ወደ ታችኛዋ ሶል ይወርዳል፣ እስከዛ ድረስ ቆጥቧታል። ይሄ ሁሉ በአንድ ኦክታቭ ውስጥ ነው። ይሄን በጣታችሁ አንዴ ካወጣችሁት ጥያቄና መልስ፣ ድግግሞሽ፣ ዝላይ መቆጠብ የሚባሉት ሁሉ ያለ አስተማሪ ገብተዋችኋል።

እና የቱን

መዝፈን የማያፍር ሰው በአፍ ይጀምር፣ ማረጋገጫ ኪቦርድ ይያዝ። ድምጼ አያምርም የሚል ግን ሊዘል አይገባም፣ ማንጎራጎር ለማንም ለማሰማት አይደለም፣ ግን ምንም ቢባል አልዘፍንም ካለ ፒያኖ ሮል ይክፈትና እያንዳንዱን ሀረግ አንዴ በፉጨት ይሞክረው፣ በፉጨት ያልወጣውን ይቁረጠው። ገጣሚ ከግጥሙ፣ ጊታሪስት ጊታሩን አስቀምጦ፣ ከበሮ የሚመታ ሰው ከምት። ልጅን ማስተማር ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ አምስት ኖታ ብቻ ስጡት።

የመጀመሪያው ልምምድ ይሄ ይሁን፣ በአራት አራተኛ ምት (በአንድ ባር አራት ምት) ስምንት ባር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 80 ከሆነ 24 ሰከንድ ነው፣ ከዛ አይበልጥም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባር በአፍ አውጡ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ያንኑ ድገሙና መጨረሻውን ሬ ወይ ሶል ላይ ተዉት፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ላይ አንዴ ብቻ ዝለሉ፣ የዜማው ከፍተኛ ኖታ እዛ ትሁን፣ ሌላ ቦታ አትድገሟት፣ ከዘለላችሁ በኋላ በተቃራኒው አቅጣጫ በእርምጃ ተመለሱ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ባሮች መጀመሪያውን መስለው ዶ ላይ ይረፉ። ሪከርድ አድርጉትና ለሁለት ቀን አትስሙት። በሶስተኛው ቀን ሪከርዱን ሳትከፍቱ ለመዝፈን ሞክሩ፣ ያስታወሳችሁትን ብቻ ያዙ፣ የረሳችሁትን ባር ደሞ በሌላ መንገድ፣ በጣት ወይ በጭብጨባ፣ እንደገና ስሩት።